በያጁ ስንተኛ ነው?

የምጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነበር። የሥራ ስም የተጻፈባቸውን ካርዶች ሰው ፊት እዘረጋና፣ «ሰው አብልጦ ከሚያከብረው ጀምረው ወደ ታች ይደርድሩልኝ» እላለሁ። ሐኪም፣ ነጋዴ፣ አስተማሪ፣ የማታቱ ሚኒባስ ሹፌር፣ የቢሮ ጸሐፊ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ዘበኛ፣ በያጅ። ብዙዎች መጀመሪያ ይስቃሉ። ካርዶቹን ማንሳትና መልሰው ማስቀመጥ ሲጀምሩ ግን ሳቁ ይጠፋል። ዘበኛውን ከቤት ሠራተኛዋ በላይ ያደረገ ሰው ያፈረ ይመስል ቀና ብሎ ያየኛል። እኔ ቁጥሩን እይዛለሁ። የብዙ ሰው ቁጥር ተደምሮ ሲካፈል እያንዳንዱ ሥራ የራሱን ነጥብ ያገኛል። ናይሮቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለሥራ የምንሰጠው ክብር አገር ቤት ካለው ምን ያህል እንደተለወጠ በዚያ ነጥብ ይለካል። የዶክትሬት ጥናቴ ይኸው ነበር።

ሁርሊንግሃም ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት ሴት ከመጀመሪያዎቹ መላሾቼ አንዷ ነበሩ። ሰው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ምሳ በላተኛው ወጥቶ ጠረጴዛዎቹ ሲጸዱ መነጽራቸውን አደረጉና ምስር እንደሚለቅም ሰው ካርዶቹን አንድ በአንድ እያዩ ደረደሩልኝ። በያጁን ከቢሮ ጸሐፊዋ በላይ አስቀመጡት።

«ምነው እትዬ፣ ከጸሐፊዋ አስበለጡት?» አልኳቸው።

«ይሄን የብረት በር ማን ሠራው? ይሄን ምድጃ ማን ጠገነው? ጸሐፊዋማ ጥፍሯን ስታይ ነው የምትውለው» አሉና ራሳቸው ሳቁ።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ እንደ በያጁ ያለ ሥራ ላለው ሰው ልጅዎን ይድሩ ነበር ወይ የሚል ነው። «ሰው ከሆነ፣ እግዚአብሔርን ከፈራ ምን ችግር አለው?» አሉኝ። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አባቴ በያጅ ነውና።

በያጅ መሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። አያቴና የአያቴ አባት ገጠር ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ ሰዎች ነበሩ። በእነሱ ማረሻ የሚያርሰው ገበሬ ቤቱ አያስገባቸውም፤ ውሃ ሲለምኑት በራሱ ዋንጫ አይሰጣቸውም፣ በእፍኛቸው ነው የሚያፈስላቸው። ከብት ሲታመም፣ ሕፃን ሲያስታውክ እነሱ ይጠረጠራሉ። ቡዳ ይሏቸዋል፤ በዓይኑ ሰው የሚበላ ማለት ነው። አባቴ ገና በጎረምሳነቱ ያን ሁሉ ጥሎ ማንም ወደማያውቀው ከተማ ሄደ። በኤሌክትሪክ መበየድ ተማረ፣ አስፋልት ዳር በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ከፈተ፣ እኛን ወልዶ አስተማረ። ነገሩን ለእኛ ለልጆቹ የነገረን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ከምክር ጋር። «ሰው ከጠየቃችሁ፣ ከገበሬ ቤት ነን በሉ።»

ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጥኩ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ቁጥር ስለምወድ ነው እላለሁ። ሐሰት አይደለም። በእኛ ሙያ የአባት ሥራ በረድፍ፣ የልጅ ሥራ በዓምድ የሚገባበት ሰንጠረዥ አለ። የበያጅ ልጅ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆነ፣ ያ ሰንጠረዥ «ወጣ» ይለዋል፤ ሌላ ጥያቄ የለውም። ተማሪ ሳለሁ ያን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ፍርድ ቤት ቀርቤ ነጻ የተለቀቅሁ ነበር የመሰለኝ።

እትዬ ሴት ልጅ አላቸው። ሕፃን ሳለች ናይሮቢ መጥታ እዚያው ያደገች፣ ዌስትላንድስ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ልታግዝ ትመጣለች። ካርዶቼን አንስታ አገላበጠቻቸውና፣ «ሙሉ ሥራህ ይሄ ነው? ሲርየስ?» አለችኝ። እኔም አዎ አልኳት። እዚህ ያደጉ ወጣቶችን ስጠይቅ ግማሹን በስዋሂሊ ይመልሱልኝ ስለነበር አስተርጓሚ ያስፈልገኝ ነበር፤ እሷ ሆነች። አብረን በማታቱ ከሰፈር ሰፈር ዞርን። መንገድ በተዘጋጋ ቁጥር ታሪክ ትጠይቀኛለች፤ ናይሮቢ ደግሞ መንገድ የማይዘጋበት ቀን የለም። እንዲህ እንዲህ እያልን ተዋደድን።

ስለ ቤተሰቤ የነገርኳት እኔው ነኝ፣ ገና በጊዜ። ዌስትላንድስ ከቢሮዋ ፊት ለፊት ያለ ካፌ ተቀምጠን አባቴ በያጅ እንደሆነ አስቀደምኩላት።

«ሶ? ፉንዲ ነዋ» አለች። ፉንዲ በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ ነው። «እዚህ ጥሩ ፉንዲ ማግኘት እንዴት እንደሚያስቸግር ታውቃለህ?»

«አያቶቼን ደግሞ ቡዳ ይሏቸው ነበር።»

«ምን ማለት ነው?»

አስረዳኋት። አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ተው ስላት ይብስ ሳቀች። «በዓይን? ልክ እንደ ፊልም?» ሰው ሰምቶት በሳቅ ሲያልፈው ያን ነገር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ይህች ልጅ ይህ በሽታ ፈጽሞ ያልነካት ናት ብዬ አመንኩ።

ሽማግሌ ልልክ ስወስን ለአባቴ ደወልኩለት። እንደጠበቅሁት ደስ አላለውም።

«ስለ እኛ ምን ብለሃቸዋል?»

«ማንም አልጠየቀኝም፣ አባዬ።»

«ይጠይቃሉ» አለና ስለ ጤናዬ ማውራት ጀመረ።

የላክኋቸው ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። አንዱ በቤተ ክርስቲያን ሰበካ የሚያገለግሉ አዛውንት፣ ሁለተኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ሦስተኛው ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ የሚነግድ ሙስሊም ወዳጄ። ይህ ወዳጄ ከሞያሌ የመጣ ነው፤ ለጥናቴ ጠይቄው ሳለ ካርዶቹን ካልጨረስኩ አልነሳም ብሎ ያመሸ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። እትዬ በመጀመሪያው ጉዞ በክብር ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ «ዘመድ ላማክር» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ደንብ ነውና ማንም ክፉ አልጠረጠረም።

አገር ቤት ያሉት አጎታቸው እንዲያጣሩ ተነግሯቸው ኖሯል። አባቴ ከመንደሩ ሲሸሽ የፈጀበትን ዘመን ያህል የሚፈጅ ማጣራት አልነበረም። ስልክ አለ፤ የአያቴ ስም አለ፤ የመንደሩ ገበያ የት እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው የሚያውቅ ሰው አለ። ቀጠሮው ሳይደርስ መልሱ ናይሮቢ ገብቶ አደረ።

ሁለተኛው ጉዞ በተደረገ ማግስት ወዳጄ ጠዋት ቤቴ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ።

«ቆሜ ልንገርህ» አለ። «አጥንት ጠየቁ።»

«ምን አሏችሁ?»

«ልጁን እንወደዋለን አሉ፣ ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው አሉ። በኋላ፣ አባቶቹ የእጅ ሰዎች ናቸው፣ ዘመዶቼ አይቀበሉኝም አሉ።»

«እናንተስ?»

«አዛውንቱ፣ እንግዲህ ካሉ ምን ይደረጋል ብለው ተነሡ። አስተማሪውም ተከተሏቸው። እኔ እምቢ ብዬ ተቀምጬ ቀረሁ። በእኛ ሃይማኖት ሰው ሁሉ የአንድ አባት ልጅ ነው አልኳቸው።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «በእኛም እንደዚያው ነው አሉኝ። ምን ልመልስ?»

እኔ ግን ራሴ ሄድኩ። ረፋድ ላይ ነበር፤ እትዬ ጓሮ በኩል ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። አላባረሩኝም። ወንበር ሳቡልኝ፣ ሻይ አስቀዱልኝ። እንዲህ ባያደርጉ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«እትዬ፣ እኔን አያውቁኝም?»

«ከራሴ ልጅ ለይቼህ አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«ዘር ከልጓም ይስባል፣ ልጄ። አንተ ምን አደረግህ? ምንም። ግን ነገ የልጅ ልጆቼን የሚያገባቸው ሲጠፋ ሰው የሚጠይቀው እኔን ነው።»

ከአፌ ያመለጠኝ ያን ጊዜ ነው። «ለበያጅ ልጄን እድራለሁ ብለውኝ ነበር። እዚሁ ቤት፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ።»

እጃቸው ጎመኑ ላይ ቆመ። የተቆጡ አልመሰሉም፤ ነገር የማይገባውን ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር ያዩኝ። «እሱ ጥያቄ ነበር» አሉ። «ይህች ግን ልጄ ናት።»

ብዙ ጉባኤ ላይ ስለ መለኪያ ጉድለት ሲወራ ሰምቻለሁ፣ ራሴም አውርቻለሁ። ከዚህ ያጠረና የከፋ ነገር የተናገረ ባለሙያ አላጋጠመኝም።

ልጅቷ ከእኔ በላይ ነደደች። ከእናቷ ተጣልታ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ የሥራ ባልደረባዋ ቤት ገባች። «ሳዋ፣ እሺ በቃ፣ እኛው ጨርሰን እንነግራቸዋለን» አለች፤ በመንግሥት ቢሮ ተፈራርመን ልንጋባ ወሰንን። ምስክሮቻችንን እንኳን መርጠን ነበር። ወዳጄ ከኢስሊ ደውሎ ልብሱን ከእኔ መደብር ነው የምትወስዱት ብሎ ሞግቶናል። እነዚያ ሳምንታት ደግ ነበሩ፤ ስለ እነሱ ክፉ መናገር አልችልም።

ታላቅ ወንድሟ ገና የተወለደ ወንድ ልጅ ነበረው። እንዳኮረፈች የወንድሟን ቤት ግን አልተወችም፣ እኔንም ይዛኝ ትሄድ ነበር። አንድ እሑድ ሕፃኑን አቅፌው፣ አጫውቼው ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ አተኮሰው፣ የሚጠባውን ሁሉ ያስመልስ ጀመር። ሆስፒታል ወሰዱት፣ መድኃኒት ተሰጠው። እትዬም የልጅ ልጃቸውን ሊያስታምሙ መጡ፤ እናትና ልጅ በዚያ አልጋ ዙሪያ ታረቁ። እኔም በታረቁ ደስ አለኝ።

ትንሽ ሲሻለው ልጠይቀው ሄድኩ። የዓመቱ ሞቃት ወር ነበር፤ ሳሎኑ ፀሐይ ገብቶበት ይፋጃል። እሷ ሶፋው ላይ ሕፃኑን ታቅፋለች። ጎንበስ ብዬ «እንዴት ነህ ጎረምሳው?» ስል እጇ ከእኔ ቀድሞ ሄደና የብርድ ልብሱን ጫፍ ሕፃኑ ፊት ላይ ጣለችው።

«ምነው?» አልኩ።

«ይበርደዋል።»

«በዚህ ሙቀት?»

ጓዳ በኩል የእናቷ የእግር ኮቴ ይሰማ ነበር። ወንድሟ ስልኩን ማየት ጀመረ። ውጪ ድረስ ሸኘችኝ፤ አጥሩ ጋ ስንደርስ ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ አላምንበትም፣ ታውቃለህ» አለች። «እማዬ ስትለፈልፍ ነው የዋለችው፣ እኔ ኖ ብያታለሁ። ግን ሕፃን ነው። የሰው ልጅ ነው፣ የእኔ እንኳ አይደለም። ቢሆንስ?»

«ቢሆንስ?» አልኳት።

«አይደለም፣ አውቃለሁ አይደለም። ግን ቢሆንስ?»

እናቷ የተናገሩትን ሁሉ ችዬው ነበር። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መውጣታቸውንም ችዬዋለሁ። ያቺን አንዲት ቃል ግን አልቻልኳትም፤ ያን ነገር እንደ ፊልም ብላ ከሳቀችበት አፍ ነው የወጣችው። ፊርማው ቀረ። አልተጣላንም፤ እሷ መደወል አሳሳች፣ እኔ ማንሳት ተውኩ፣ አለቀ።

የጥናቴ አማካሪ ኬንያዊት ፕሮፌሰር ናቸው፤ ጨዋታ የማያውቁ፣ ቁጥር የሚያከብሩ ሴት። ጥናቴ የሥራን ክብር እንጂ የዘርን ነገር ጨርሶ እንደማይለካ፣ አዲስ ምዕራፍ መጨመር እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«ስንት ሰው አለህ?» አሉኝ።

«አንድ።»

«ማን?»

«እኔ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ፖሌ» አሉኝ። አይዞህ ማለታቸው ነበር፤ ቀጥለውም አንድ ሰው መረጃ እንደማይሆን አስታወሱኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ለተማሪዎቼ እኔው ራሴ ስደጋግመው የኖርኩት ነገር ነው። ያም ሆኖ ወደ መላሾቼ ተመልሼ ልጠይቅ ፈቀዱልኝ። በእጅ ሙያ ከሚተዳደር ዘር የተወለደ ሰው ልጅዎን ቢጠይቅ ይሰጣሉ ወይ ብዬ ቤት ለቤት ዞርኩ። ኢስሊም ሄድኩ፣ መሃል ከተማ ያሉ ሱቆችም ገባሁ። «እንዴታ»፣ «ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የለም»፣ «እሱ ድሮ ቀረ» አሉኝ። ሽማግሌ ሆነው ሄደው «ምን ይደረጋል» ብለው የተነሡት አዛውንት ሳይቀሩ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ልጄ፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው» አሉኝ። እትዬን አልጠየቅኳቸውም።

ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠ የሚሰላ ነገር የለም። የእኛ ስሌት የሚሠራው ልዩነት ሲኖር ነው። ምዕራፉን አወጣሁት። ናይሮቢ ውስጥ ያሉ ኢትዮጵያውያን ለእጅ ሙያ ከአገር ቤቱ የበለጠ ክብር እንደሚሰጡ የሚያሳየው ውጤት ግን በቦታው ቀረ፤ ትክክል ነውና፣ ቁጥሩ እንደዚያ ነው የሚለው። ፈታኞቼ በጣም የወደዱት እሱን ነው። አንዱ «ተስፋ የሚሰጥ ግኝት» አለው። አመስግኜ እጁን ጨበጥኩ።

ተመርቄ ዌስትላንድስ አንድ የገበያ ጥናት ድርጅት ገባሁ። ቤተሰቦችን እቤታቸው ባለው ዕቃ፣ በወለላቸውና በጣሪያቸው በየደረጃው እመድባለሁ፤ ሳሙናና ዘይት ሻጮች ለየትኛው ደረጃ ምን እንደሚሸጡ እንዲያውቁ። ደመወዙ ደህና ነው። እሷ በኋላ ዘመዶቿ የሚያውቁት ሰው አገባች፤ ደግ ሰው ነው ይላሉ። እትዬን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳገኛቸው አገላብጠው ይስሙኛል፤ «ከሳህ ልጄ፣ የሚያበላህ የለም እንዴ?» ይሉኛል። ከልባቸው ነው። የሚያናድደኝም ከልባቸው መሆኑ ነው።

ያለፈው ዓመት አባቴ ለዓይኑ ሕክምና እኔ ዘንድ መጣ። ሲበይድ የኖረበት እሳት ዓይኑን አድክሞታል፤ የአንዱ ብርሃን ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ሽማግሌ ልልክ ስል ከደወልኩለት ወዲህ ስለዚያ ጋብቻ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ቤቴ ሲገባ ግድግዳዬን፣ አልጋዬን፣ አንዲቷን ሳህኔን አንድ በአንድ አየ።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለን ወጣት ኬንያዊ ሐኪም ትሑት ነበር። እኔ አስተረጉማለሁ። መቼ እንደጀመረው፣ ስኳር እንዳለበት፣ ብርሃን ያመው እንደሆነ ጠየቀ። ቀጥሎ «ሥራቸው ምንድን ነው?» አለ። ወደ አማርኛ መለስኩለት።

አባቴ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ገበሬ ነኝ በለው።»

እጆቹን አየሁ። ፍንጣሪ የበሳሳቸው የእጁ አንጓዎች ጉልበቱ ላይ ተጋድመዋል።

«አባዬ፣ ለዓይንህ ብሎ ነው የሚጠይቅህ።»

«ገበሬ ነኝ በለው አልኩህ።»

ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ እውነቱን ነገርኩት፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲበይድ የኖረ፣ ብዙውንም ጊዜ ያለ መከላከያ መነጽር የሠራ ሰው መሆኑን። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና መሣሪያውን ወደ አባቴ ፊት አስጠጋ። አባቴ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ «ዌልደር» የምትለዋን ቃል ግን ከመበየጃው ማሽን ላይ ያውቃታል። አገጩን ማሽኑ ላይ አሳርፎ ሐኪሙ ወደ ላይ ሲለው ወደ ላይ፣ ወደ ታች ሲለው ወደ ታች እያየ ታዘዘ። ወደ እኔ አላየም።

ከክሊኒኩ ወጥተን ማታቱ ስንጠብቅ አንዱ ዓይኑ ተሸፍኖ ነበር። ሰዉ እየተጋፋ ያልፋል፤ ሹፌሮች ጥሩምባ ይነፋሉ።

«ነገርከው» አለኝ።

«ለሕክምናው ያስፈልገዋል።»

«ሰውየው ከየት ያውቀናል? ገበሬ ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?»

«ስለማያውቀን እኮ ነው የነገርኩት። እዚህ ማንም አያውቀንም፣ አባዬ።»

ማታቱው መጣ። ክንዱን ይዤ ላሳፍረው ስል ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀኝና የበሩን ብረት ራሱ ዳብሶ ያዘው።

«እኔም ከመንደር ሸሽቼ ያን ከተማ የገባሁ ዕለት እንደዚሁ ነበር ያልኩት» አለና ገባ።